«ለማረፍ ጊዜ የለኝም» ላላችሁኝ፦ የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጭንቀት ናቸው። አጻጻፋችሁ ይለያይ እንጂ የምትሉት አንድ ነው። ኑሮው ፋታ አይሰጥም፣ ታዲያ እንዴት ልረፍ?

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት የማምንበትን ልናገር። ሰው ሲጨነቅ ሐሳቡን በሐሳብ ሊያሸንፍ ይሞክራል። ራሱን «አታስብ፣ ተወው» ይላል፣ ሐሳቡ ግን ይብስበታል። ከሰውነት መጀመር ይሻላል። ትንፋሽ፣ ጡንቻ፣ እንቅልፍ፣ የእግር መንገድ። ሰውነት ሲረጋ ሐሳብም ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማድረግን ነው።

«ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ከሥራ ስመለስ 11 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር ቡና እንጠጣለን፣ የቀኑ ደስታዬ እሱ ነው። ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ብንን እላለሁ። ከዚያ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ወጪ፣ የወንድሜ ጉዳይ ሁሉም ተሰልፎ ይመጣል። እስኪነጋ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው።»

እህቴ አብሽሪ፣ በዚህ ሰዓት የምትነቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

መጀመሪያ ቡናው። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ በአብዛኛው ሰው ላይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። 11 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተሽ 4 ሰዓት ስትተኚ ግማሹ ገና ውስጥሽ አለ ማለት ነው። እንቅልፍ አይወስድሽም አልልም፤ ግን ይሳሳል፣ በትንሽ ነገር ትነቂያለሽ። ጎረቤቶችሽን ግን እንዳትተያቸው! ያንን ጨዋታ፣ ያንን ምርቃት የሚተካ ነገር የለም። ስብሰባው ይቀጥል፣ ያንቺ ስኒ ብቻ ይለወጥ። በሥራ ቀን ጦስኝ ወይም ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ፣ ሻይ ቅጠል ግን አትጨምሪበት፣ እሱም ካፌይን አለው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት እስከ በረካ ድረስ ጠጪ፣ ማንም አይከለክልሽም።

ሁለተኛው ደብተር ነው። ከመተኛትሽ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጠሽ ነገና ከነገ ወዲያ የሚሠራውን ጻፊ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት፣ ከመተኛታቸው በፊት ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉ ሰዎች የሠሩትን ከጻፉት ሰዎች ቀድሞ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አሳይቷል። ዝርዝሩን ባብራሩት መጠን ደግሞ ቶሎ ወስዷቸዋል። ስለዚህ «የቤት ኪራይ» ብለሽ ብቻ አትለፊው። «ሐሙስ ለአከራይዋ ደውዬ እስከ ደመወዝ እንድትታገሰኝ እጠይቃለሁ» ብለሽ ጻፊው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲመጣ መልስ አለሽ።

ከነቃሽ ደግሞ ሰዓት አትዪ። ብዙ እንደቆየሽ ከተሰማሽ ተነሺና ጋቢሽን ደርበሽ (የደሴ ሌሊት ብርዱን ታውቂዋለሽ) ደብዘዝ ያለ መብራት ላይ ተቀመጪ። ዳዊት ትደግሚ እንደሆነ ድገሚ፣ ዚክር ትዪ እንደሆነ በዪ። ዓይንሽ ሲከብድ ተመለሺ። ስልክ ብቻ አትንኪ።

«ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። የነዳጁ ሰልፍ፣ የተሳፋሪው ጭቅጭቅ፣ ሁሉም ተደምሮ ቶሎ ቱግ ያደርገኛል። ማታ ቤት ገብቼ ልጆቼ ላይ እጮሃለሁ፣ ኋላ ይጸጽተኛል። ለመረጋጋት ብዬ ከሰዓት እቅማለሁ።»

ወንድሜ፣ ግልጹን ልንገርህ፤ ጫቱ እያረጋጋህ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል። ምርቃናው ላይ ሳለህ ዓለም ሁሉ ቀላል ይመስልሃል፣ ሲለቅህ ግን ድብርቱና ብስጭቱ ይመጣል፣ ሌሊት ደግሞ ዱካኩ፣ ማለትም የጫቱ ቅዠት፣ አለ። አሁን ሰዓቱን አስላው። ከሰዓት የቃምከው የሚለቅህ ማታ ነው፤ ልጆችህ የሚጠብቁህም ማታ ነው። በአንዴ ተው አልልህም። መጀመሪያ መጠኑን ቀንስ፣ ቀጥሎ ከሳምንቱ አንድ ቀን አውጣ፣ ከዚያ ሁለት። ከቀነስክ በኋላ ለጥቂት ቀን ድካምና ንጭንጭ ቢሰማህ አትደንግጥ፣ ያልፋል።

ሰልፉ ላይ ደግሞ ይህን ሞክር። በአፍንጫህ እስከ 4 እየቆጠርክ አየር አስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አስወጣ። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ያህል ነው። ዋናው አወጣጡ ነው። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ቀዝቀዝ ይላል፣ ስለዚህ መውጫውን ስታስረዝም ሰውነትህ «አደጋው አልፏል» የሚል መልእክት ያገኛል። ለ5 ደቂቃ አድርገው። ካዞረህ ተወውና እንደ ልማድህ ተንፍስ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ደረትህን የሚጨመድድ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከተሰማህ ትንፋሽ አትቁጠር፣ ሆስፒታል ሂድ።

ቤት ስትደርስ ቶሎ አትግባ። ሞተሩን አጥፍተህ እዚያው ባጃጁ ላይ ትንሽ ተቀመጥ። ግባና ፊትህንና እግርህን ታጠብ። ልጆችህን ከዚያ በኋላ አግኛቸው።

«ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ስለምውል ትከሻዬ ደርቋል። ከ3 ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። እህቴ፣ መዝናናት የሚባለው ገንዘብና ቦታ ላለው ሰው አይደለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። እውነት አለሽ፣ ስለ ዕረፍት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የራሱ ክፍል ላለው ሰው የተጻፈ ነው። ላንቺ የሚሆን ግን አለ።

ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ጡንቻ ከላላ ጭንቀትም አብሮ እንደሚላላ ተመለከተ። ከእሱ የመጣው ዘዴ ዛሬም በሐኪሞች ይመከራል። አንድ ፍራሽ ላይ ተጋድመሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። ከእግርሽ ጣቶች ጀምሪ። ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቀሽ ቆልፊያቸው፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቂያቸውና 15 ሰከንድ ያህል እንደላሉ ተዪያቸው። ልዩነቱን ልብ ብለሽ አዳምጪው። ከዚያ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ ጭብጥ፣ ክንድ። ትከሻሽን እስከ ጆሮሽ ድረስ ከፍ አድርገሽ ያዢና ልቀቂው። ያንቺ ትከሻ ላይ ሁለቴ ይደገም። በመጨረሻ ፊትሽን ጨምድደሽ ፍቺው። የሚያምሽ ቦታ ካለ አታጥብቂው፣ እለፊው። ሁሉም ተደምሮ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ደግሞ አራታችሁም አብራችሁ አድርጉት፣ አንዷ ትቁጠር። መጀመሪያ ላይ ትስቃላችሁ፣ ሳቁም ይጠቅማል። ሥራ ላይ እያለሽ ደግሞ ክር በቀየርሽ ቁጥር ትከሻሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ ዓይንሽን ራቅ ወዳለ ነገር ላኪ።

ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ከአቅም በላይ መሥራት በትንፋሽና በጡንቻ ማላላት አይስተካከልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ በሳምንት ውስጥም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ያን የዕረፍት ቀን በልብስ አጠባና በወረፋ ብቻ አትጨርሺው። ግማሹን ለእንቅልፍሽና ለምትወጂው ሰው አድርጊው።

«ደሴ ጂም መግባት ፈልጌ ክፍያው ከበደኝ። ሌላ ምን አለ?»

ደሴ ራሷ ዳገት ናት! ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው፣ ትንሽ ዳገት ልብህን በደንብ ያሠራታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ያ ማለት በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ነው። ከፒያሳ ወደ ቤትህ በታክሲ የምትሄድ ከሆነ ጥቂት ቀደም ብለህ ወርደህ በእግርህ ግባ። ማውራት የምትችልበት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት ፍጥነት ይበቃል። በዕረፍት ቀን ጠዋት ከጓደኛ ጋር ወደ ጦሳ ተራራ ውጡ፤ ብቻህን አይሁን።

«የባለቤቴ እናት ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆዩ። የማገላብጣቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነኝ። ጎረቤት ቡና ጠጥቼ ስመለስ እንኳ ኃጢአት የሠራሁ ይመስለኛል። ደክሞኛል ማለት አፍራለሁ።»

የኔ እህት፣ ደክሞሻል። በደንብ ነው የደከመሽ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቁስል እንዳያወጣ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል፣ ያ ደግሞ ሌሊትም አይቀርም። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊችለው አይገባም፤ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ተረኛ አለ።

ስለዚህ ተራ አውጡ። ባለቤትሽ የሌሊቱን ግማሽ ይያዝ፣ እናቱ ናቸው። እህትና ወንድም ካለው ቅዳሜን አንዱ፣ እሑድን አንዱ ይውሰድ። «ሥራ ይበዛበታል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ያንቺም ሥራ ነው። ይህን በቁጣ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። የሳምንቱን ቀናት ወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ ፊት የሰው ስም አስገቡ።

ጎረቤት «ምን እናግዝሽ?» ሲልሽ «ምንም፣ ይመስገን» አትበዪ። የወሎ ቅሬ (የሰፈሩ ዕድር) ለቅሶ ብቻ የሚያውቅ አይደለም፣ በጭንቅ ጊዜም ይደርሳል፤ ግን ምን እንደሚያስፈልግሽ ካልነገርሽው አያውቅም። «ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጪልኝ» በዪ። ሰዓት ያለው ልመና እምቢ ለማለት ያስቸግራል። በዚያ ሰዓት ገበያ አትሂጂ፣ ልብስ አትጠቢ። ተኚ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፣ እናትሽ ጋ ሂጂ። ጸጸቱ መጀመሪያ ላይ አብሮሽ ይሄዳል። ይሂድ፣ አንቺ ግን አትመለሺ።

«ጦርነቱ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። አሁንም ጎማ ሲፈነዳ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፣ ቅዠትም አለ። ቤተሰቤ «ወንድ ነህ፣ እርሳው» ይለኛል።»

በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ያሳለፉትን የምናውቅ ሰዎች «እርሳው» ማለት የለብንም። የገጠመህ ድክመት አይደለም። ከባድ ነገር ያየ ሰው ሰውነት አደጋውን እየጠበቀ ይቀራል።

ሲመጣብህ እግርህን መሬት ላይ አጥብቀህ ትከል። የምታያቸውን 5 ነገሮች ጥራ፣ የምትነካቸውን 4፣ የምትሰማቸውን 3። ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ያለህበትን ሰፈር ጮክ ብለህ ተናገር። ይህ ለዚያች ደቂቃ ይረዳል።

ነገር ግን ቅዠቱና ድንጋጤው ከ1 ወር በላይ ከቆየ የራስ እንክብካቤ ብቻ አይበቃም፣ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ሕክምናውም አለ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጸበልም ሩቅያም ብትሄድ ሂድ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘልህ ግን በራስህ አታቋርጥ። ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ቀን ለምታምነው ሰው ንገርና አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። «ወንድ ነህ» ላሉህም ይህን አንብብላቸው።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደሴ ሆጤ ትምህርት ቤት። ፈተና ሲመጣ እጄ ያልበኛል፣ ያጠናሁት ሁሉ ይጠፋብኛል።»

ያጠናሽው አልጠፋም፣ ድንጋጤው ነው የሸፈነው። ሌሊቱን ሙሉ ማንበቡን ተዪ፣ ያጠናነው ነገር በደንብ የሚቀመጠው ስንተኛ ነው። ደብተር ደጋግሞ ከማንበብ ዘግተሽ ራስሽን ጠይቂ፣ በሰዓት ገድበሽ የድሮ ፈተናዎችን ሥሪ፤ ሰውነትሽ ፈተናውን አስቀድሞ ይለምደዋል። ማታ ስልክሽን እናትሽ ጋ አሳድሪው። የፈተናው ቀን ወረቀቱ ሲደርስሽ እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት መውጫው የረዘመ 5 ትንፋሽ ውሰጂ፣ ከዚያ ከምታውቂው ጥያቄ ጀምሪ፤ ከባዱን በኋላ ትመለሺበታለሽ።