ብር ልላክላቸው ወይስ በሬ ልግዛላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሪያድ ሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ቤተሰቦቼ ሰሜን ወሎ ገጠር ናቸው። አባቴ ያለው አንድ በሬ ብቻ ስለሆነ መሬቱን የእኩል ሰጥቶ ነው የሚያሳርሰው። ሦስት ታናናሾች አሉኝ። እስካሁን የምልከው ቸግሯቸው ሲደውሉልኝ ብቻ ነበር፣ አሁን ግን ጠቀም ያለ ብር አጠራቅሜያለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ለገበሬ ጥሬ ብር አይሰጥም፣ በድግስ ይጨርሱታል፣ በሬውን እኔ ገዝቼ ልውሰድላቸው» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩን በእጃቸው ላኪላቸው።

ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በሬ እንዴት እንደሚገዛ አይቻለሁ። አባቴ ገበያ ወርዶ በሬ ሲመርጥ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር። ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ትከሻውን ይዳብሳል፣ ወዲያ ወዲህ ያስነዳዋል፣ «ቀንበር ለምዷል?» ብሎ ሻጩን ይጠይቅና መልሱን ሳያምን ዞር ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ይማከራል። አዲሱ በሬ ቤት ካለው ጋር በቁመትም በጉልበትም ካልተመጣጠነ ጥሩ ጥማድ አይወጣውም። ወንድምሽ ይሄን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ደግሞስ ዘንድሮ አባትሽን የቸገራቸው በሬ መሆኑን በምን አወቀ? ምናልባት በሬውን የሚቀልቡበት ገለባ የላቸውም። ምናልባት የአምና ዕዳ አለባቸው። ይሄን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ብር ሲላክ ሁላችንም የምንጠይቀው «ምን ገዙበት?» ብለን ነው። እኔ ግን ምን ሳይሸጡ እንደቀሩም እንድትጠይቂ እፈልጋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ እህሉ ይወቃል። ያኔ ዕዳ ይከፈላል፣ ግብር ይከፈላል፣ ሠርግ አለ፣ ልብስ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እህሉን ገበያ ያወጣና ዋጋው ይወድቃል። ነሐሴ ሲገባ ጎተራው ባዶ ይሆናል፣ ያው ቤተሰብ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይገዛል። ብሩን ከየት ያመጣል? መጀመሪያ በጓ ትሸጣለች። ካልበቃ በአራጣ ይበደራል። ከዚያ መሬቱ በወለድ አገድ ይያዛል፣ አበዳሪው ዕዳው እስኪከፈለው እያረሰ ይበላዋል። የገበሬ ቤት የሚፈርሰው እንዲህ ቀስ በቀስ ነው። በዚያ ክፉ ወር በእጃቸው የሚገባ ብር በጓን ያስቀራታል፣ መሬቱንም ያስቀረዋል። ለዓይን የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል፣ ፎቶ አንስተው የሚልኩልሽም አይኖር ይሆናል፣ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የእኩሉም ነገር እንደዚሁ ነው። አባትሽ አሁን ከገዛ መሬታቸው ግማሹ ምርት ለሌላ ሰው ይሄዳል። ሁለተኛ በሬ ከገዙ ያ ግማሽ ቤት ይቀራል። ወይም ባለ አንድ በሬ ጎረቤት ፈልገው በመቀናጆ ያርሱና የአንቺን ብር ለማዳበሪያና ለዘር ያውሉታል። ለእሳቸው ተዪላቸው።

«ይሰንፋሉ፣ ይጠጡበታል» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ተጠንቷል። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያዩ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ድሃ ቤተሰብ ብር ስላገኘ የመጠጥና የሲጋራ ወጪው ጨመረ የሚል ማስረጃ አላገኙም። ምዕራብ ኬንያ ሲያያ ውስጥ ደግሞ ከ10,500 ለሚበልጡ የገጠር ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ያለምንም ግዴታ ተሰጣቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው እያንዳንዱ ዶላር በአካባቢው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ ገቢ ፈጥሯል፤ ብር ያልደረሳቸው ጎረቤቶችም ተጠቅመዋል፣ የገበያው ዋጋም ከፍ አለ የሚባል አልነበረም። ድግሱንም ቢሆን ወንድምሽ እንደሚለው አላየውም። ሰንበቴው፣ ማኅበሩና ዕድሩ የገበሬ ዋስትና ናቸው። ነገ በሬያቸው ገደል ቢገባ የሚደርስላቸው አብሯቸው የበላው ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ብር ዋጋው ይቀልጣል፣ ጊዜውም ካለፈ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች በሕዝብ ሥራ ብር ወይም እህል የሚከፈልበት የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፣ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ታስቦ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣራ ሲነካ ክፍያው 8 ብር ቢገባም 3 ኪሎውን መግዛት አቃተው፣ ብዙ ሰውም «ከብሩ እህሉን ስጡን» አለ። ለዓመታት ሳይቆራረጥ ያገኙት ግን የረሃብ ወራቸው አጥሯል፣ ይሄም በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ያጠራቀምሽውን ብዙውን ግንቦት ላይ፣ ማዳበሪያና ዘር ከመገዛቱ በፊት ላኪው። የቀረውን ለነሐሴ አቆዪው፣ ለመስከረም ደብተርም ይተርፋል። መጠኑንና ወሩን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ መቼ እንደሚመጣ የታወቀ ብር ከአበዳሪ ደጅ ያድናል። እስካሁን ሲጨንቃቸው ብቻ መደወላቸው ለእነሱም ለአንቺም ከባድ ነው። ባንክ የሚያስቀምጡት ከሆነ ደብተሩ በአባትሽና በእናትሽ ስም በጋራ ይሁን። እናትሽንም ለብቻቸው ደውለሽ አናግሪያቸው፣ የጓዳውን ጉድለት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እባክሽ ሁሉንም አትላኪው። ሰው አገር ብትታመሚ፣ ከሥራ ብትወጪ የሚደርስልሽ ያው የራስሽ ብር ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ገጠር ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ አቅሟም ደክሟል። ቀበሌው ሴፍቲኔት አለው። ግን እርከን ሥራ ውጪ ይሏታል ብዬ ፈራሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ አይሏትም ወንድሜ። በሴፍቲኔት ሥራ የሚወጣው መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ነው። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና የሚሠራላቸው ሰው የሌላቸው ያለ ሥራ «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛሉ። እርጉዝ ሴቶችም ለጊዜው ወደዚያው ይዛወራሉ። ተጠቃሚውን የሚመርጠው እዚያው ያለው የማኅበረሰብ ኮሚቴ ስለሆነ አያትህን ይዘህ፣ ካልሆነም አንድ የሚታመን ጎረቤት ልከህ አስመዝግባት። ሳትመረጥ ብትቀር ቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለው፣ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገባና ቅጂውን ያዝ። ብሩን የሚቀበልላት ሰው ማን እንደሆነም አሁኑኑ ተነጋገሩበት፣ በእሷ ዕድሜ ወረዳ ድረስ በእግር መሄድ ቀላል አይደለም።