አሮጌ ላንድሮቨር ላይ ለልጆች የኋላ ወንበር መግጠም

አንድ አባት ይህን ጠይቀውኛል። መኪናቸው አሮጌ ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 ነው። ከፊት ሦስት ሰው ያስቀምጣል። ከኋላ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ሴቷ ልጃቸው 2 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 6። «የልጆቹን መቀመጫ አግዳሚው ላይ ማሰር እችላለሁ? ወይስ ከሌላ መኪና የወጣ ወንበር ገዝቼ ወለሉ ላይ ላስበይደው? በያጁ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብሎኛል» ይላሉ።

አግዳሚው ላይ አይሆንም። በምንም ዓይነት ማሰሪያ አይሆንም። የልጆች መቀመጫ የሚሠራው ልጁ ወደ መኪናው አፍንጫ ወይም ወደ ኋላ በር ዞሮ ሲቀመጥ ነው። ወደ ጎን ዞሮ የተቀመጠ ልጅ መኪናው ከፊት ሲጋጭ የሚወረወረው ወደ ትከሻው በኩል ነው። ደረቱን ቀበቶ ቢይዘውም አንገቱንና ጭንቅላቱን የሚይዝለት ነገር የለም። የ2 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ደግሞ ከሰውነቷ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቷም ገና አልጠነከረም። አውሮፓ በጎን የሚቀመጡበትን ወንበር በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ የከለከለችው በ2007 ነው። ዲፌንደርም በዚያው ዓመት አግዳሚዎቹን ጥሎ ወደ ፊት የዞሩ ወንበሮችን ይዞ ወጣ። ስለዚህ አግዳሚዎቹ ይውጡና ቦታቸው ወደ ፊት የዞረ ወንበር ይግባ። መንገዱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ። የሚያሳስበኝ ወንበሩ ራሱ አይደለም፣ የሚታሰርበት ነገር ነው። ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ልጅቷ 14 ኪሎ ብትሆን፣ መቀመጫዋ 10 ኪሎ ቢሆን፣ በድምሩ 24 ኪሎ ነው። በከባድ ግጭት የሚመጣው ጉልበት የክብደቱን 20 እጥፍ ቢሆን፣ ማሰሪያዎቹ በቅጽበት ወደ 480 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ይጎትታቸዋል። ይህ የአንድ ልጅ ብቻ ነው። ወንድሟንና የወንበሩን የራሱን ክብደት ይጨምሩበት።

የመኪናዎ የኋላ ወለል ደግሞ ስስ የአልሙኒየም ላሜራ ነው። ሻሲው ብረት፣ አካሉ በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። ለብረት የሚሆን ብየዳ አልሙኒየም ላይ አይይዝም። «ቡሎን አሳልፌ ከሥር በዳዶ አስረዋለሁ» ቢሉም ትንሽ ሮንዴላ አይበቃም። እንዲህ የታሰረ ወለል ከሥር ቢያዩት ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። በሮንዴላው ዙሪያ ላሜራው ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሏል። ብረቱና አልሙኒየሙ በተነካኩበት ቦታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል። በካቻቪቴ ጫፍ ሲነኩት ላሜራው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ብረትና አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አልሙኒየሙ ይበላል። ከላይ ምንጣፍ ስላለ ማንም አያየውም።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ ምንጣፉን አነሳለሁ፣ ወለሉን አጥባለሁ፣ ከሥር ገብቼ ሻሲውንና ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች በመዶሻ እየነካሁ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰ ድፍን ድምፅ ነው ያለው። የዛገ ካለ ወንበር ከመግዛት በፊት እሱ ይጠገናል።

ቀጥሎ ለዚሁ ሞዴል ተሠርቶ፣ ከነመግጠሚያው ጥንካሬው ተፈትኖ የሚሸጥ ወንበር እፈልጋለሁ። ከሌላ መኪና የወጣ ወንበር ርካሽ ይመስላል፤ ግን የዚያ ወንበር ጥንካሬ ግማሹ የቀረው እዚያው የወጣበት መኪና ወለል ላይ ነው። አይሶፊክስ፣ ማለትም የልጅ መቀመጫ ያለ ቀበቶ የሚነከስበት የብረት ዘንግ፣ አለው ብለው ከገዙትማ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በብዙ መኪኖች ላይ ሁለቱ የአይሶፊክስ ዘንጎች የተበየዱት አካሉ ላይ ነው፣ ወንበሩ ላይ አይደለም። በመሃላቸው ያለው ርቀት 280 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 6 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለክቶ የሚሠራልዎት በያጅ አይጠፋም። ልኩ ግን ጥንካሬውን አይነግርዎትም። እባክዎ ይህን በቤት ውስጥ ብየዳ አይሞክሩት።

ቀበቶው ከወንበሩ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ይብሳል። ትከሻ ላይ የሚመጣው ጉልበት ወንበሩን ከላይ ይዞ ወደ ፊት ይገፋዋል። የኋላ እግሮቹን ከወለሉ ሊነቅላቸው ይታገላል። እንዲህ ያለ ወንበር ላሜራ ላይ ብቻ መቆም የለበትም። በወለሉ ሥር ካሉት አግዳሚ ብረቶች ጋር መያያዝ አለበት።

ቡሎን የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ከሥር ሰፊ የብረት ሰሌዳ ይደረግ። አካሉ አልሙኒየም ስለሆነ እኔ ከ10 በ10 ሴንቲ ሜትር አላሳንሰውም፣ ውፍረቱን ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር አደርገዋለሁ። ማዕዘኖቹን ክብ አድርገው ይሞርዷቸው፣ ሹል ጫፍ ላሜራውን ይቀደዋልና። በሰሌዳውና በላሜራው መሃል ማሸጊያ ይቀቡ። የቀበቶ ቡሎን በብዙ መኪኖች 7/16 ኢንች ባለቀጭን ጥርስ ነው፣ ጠንካራ ብረት ነው። ከመደርደሪያ ባነሱት ተራ ቡሎን አይተኩት። አይበይዱትም፣ እሳት ጥንካሬውን ይገድለዋል።

ከፊት ወንበሮች ጀርባ ያለውን መከፋፈያ ቆርጦ ማውጣት የሚያምራቸው ብዙ ናቸው። ለእግር ቦታ ይገኛል፣ ከልጆቹ ጋርም ይተያያሉ። ነገር ግን እሱ አካሉን ቀጥ አድርገው ከሚይዙት ነገሮች አንዱ ነው። ካወጡት በምትኩ ለዚሁ የተሠራ ማጠንከሪያ ብረት ይግባ።

ቀበቶው ሦስት ቦታ የሚያዝ ይሁን፣ አዲስም ይሁን። ግጭት ያየ ወይም ፀሐይ ያደረቀው ቀበቶ ዋጋ የለውም። ለ6 ዓመቱ ልጅ ይህ ግዴታ ነው። ቡስተር ላይ (ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ነው) የተቀመጠ ልጅ ወገብ ላይ ብቻ በሚያልፍ ቀበቶ አይታሰርም፤ በግጭት ጊዜ ላይኛው አካሉ ታጥፎ ቀበቶው ሆዱ ውስጥ ይገባል። መደገፊያ ያለው ቡስተር ይግዙለት። የታችኛው ቀበቶ ጭኑ ላይ ይረፍ፣ የላይኛው በትከሻው መሃል ይለፍ እንጂ አንገቱን አይንካ። ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር እስኪጠጋ ከቡስተሩ አይወርድም።

የቀበቶ መጠቅለያውን ሲገጥሙ ዘንበል ማለቱን ልብ ይበሉ። ውስጡ በክብደት የሚሠራ መቆለፊያ አለው። አምራቹ ካዘዘው ማዕዘን ውጪ ከታሰረ ወይ ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ ወይ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይቆለፍም። ከገጠሙ በኋላ ቀስ ብለው ይሳቡት፣ መምጣት አለበት። ድንገት ንጥቅ ያድርጉት፣ ቀጥ ማለት አለበት።

ለትንሿ ልጅ ወደ ኋላ የምትዞርበት መቀመጫ ይምረጡ። የአውሮፓው የልጆች መቀመጫ ደንብ፣ አር 129፣ ቢያንስ እስከ 15 ወር ያስገድዳል። እኔ ግን መቀመጫው እስከሚፈቅደው ቁመትና ክብደት ድረስ ወደ ኋላ እንደዞረች ትቆይ እላለሁ። ወደ ፊት የሚነዳት ጉልበት በጀርባዋ ሁሉ ተበትኖ ያርፋል። ወደ ወለሉ የሚወርድ ድጋፍ እግር ያለው መቀመጫ ከሆነ እግሩ ጠንካራ ወለል ላይ ይቁም። የመሣሪያ ሣጥን ክዳን ላይ ከቆመ ክዳኑ ሲሰበር መቀመጫውም ይዘምማል። አስረው ሲጨርሱ ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ ይዘው ይነቅንቁት። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እንደገና ይታሰር። የወንበሩ ስፖንጅ በጣም ለስላሳ ከሆነ ይህን ፈተና አያልፍም።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ልጆቹ የሚቀመጡት ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። በአሮጌ መኪና የኋላ በር ጎማ ይደርቃል፣ ማርሚታ ይቀደዳል። መስኮት ከፍተው ሲሄዱ ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ልጆቹም «እንቅልፍ መጣብኝ» ብለው ዝም ይላሉ። የበሩን ጎማ ይቀይሩ፣ ጭስ ማውጫውን ከሞተሩ እስከ ጫፉ ያስፈትሹ። ክሪክና ጎማ መፍቻም ከልጆቹ ጀርባ ልቅ ሆነው አይቀመጡ፤ ይታሰሩ።

ሥራው ሲያልቅ የመኪና ማሻሻያ ለማጽደቅ ፈቃድ ላለው መሐንዲስ ያሳዩ። ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላም ቡሎኖቹን እንደገና በመፍቻ ይፈትሹ።

እስከዚያው ትንሿን ከፊት፣ ከሾፌሩ በተቃራኒ በበሩ በኩል ባለው ወንበር ላይ ወደ ኋላ አዙረው ሊያስሯት ይችላሉ። አሮጌ ዲፌንደር ኤርባግ የለውም፣ ያልጠፋ ኤርባግ ፊት ለፊቱ ባለበት ወንበር ግን ይህ ክልክል ነው። ቀበቶው ሦስት ቦታ የሚያዝና ለመቀመጫው የሚበቃ መሆኑን፣ ቦታውም የሚያስገባው መሆኑን አስቀድመው ይለኩ። የፊተኛው የመሃል ወንበር ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚያልፍ ስለሆነ ለወንድሟ በዚህ መኪና ገና ቦታ የለም። ሥራው እስኪያልቅ በሌላ መኪና ይሂድ።