ሞተርዎ ያጠረው አየር ነው

ጥያቄ፦ አዳማ ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት አለማለሁ። የናፍታ ፓምፔ ሰሞኑን ጥቁር ያጨሳል፣ ናፍታ ይበላል፣ ውሃውም ቀጥኗል። የተከልኩት ገልባጭ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ዳር ነው። አንድ ወዳጄ፣ «እሳቱ ከውጭ የሚነድ ሞተር አለ፤ በቆረቆንዳም ይሠራል» አለኝ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ልቀይር ወይ?

መልስ፦ ወዳጅዎ አልዋሸም። የእርስዎ ሞተር ነዳጁን የሚያነደው እዚያው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። በውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን አየሩን አምቆ ያግለዋል፤ ናፍታው ሲረጭበት ያለ ካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ የነደደው ጋዝ ራሱ ፒስተኑን ይገፋል። ወዳጅዎ የነገረዎት ዓይነት፣ ማለትም የእንፋሎት ሞተር፣ ግን እሳቱና ፒስተኑ አይተያዩም። እሳቱ ቦይለሩን፣ ማለትም የተዘጋውን የውሃ ጋን፣ ያፈላል፣ የሚገፋው እንፋሎቱ ነው። ስለዚህ ማገዶ አይመርጥም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካም ጭማቂው የወጣለትን አገዳ አንድዶ ነው እንፋሎት የሚያገኘው። እንግሊዛዊው ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 የሠራው የእንፋሎት ሞተርም ሥራው ውሃ መሳብ ነበር፤ ከማዕድን ጉድጓድ።

ቢሆንም አይቀይሩ። ቦይለር እስኪፈላ ጊዜ ይፈጃል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ግፊቱ ካለፈ ይፈነዳል። ትንንሾቹ የእንፋሎት ሞተሮች ደግሞ ከእሳቱ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጡት ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም፤ ናፍታ ሞተር ሲሶ ገደማ ይለውጣል።

የእርስዎ ችግር ያለው «መንገድ ዳር» ባሏት ቃል ውስጥ ይመስለኛል። አንድ ሊትር ናፍታ በወጉ እንዲነድ ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይፈልጋል። አዳማ ከፍታዋ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ መጀመሪያውኑ የሳሳ ነው። በዚያ ላይ የበጋው ንፋስና የገልባጩ አቧራ የአየር ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) ሲደፍነው፣ ናፍታው በቅጡ ሳይነድ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጥቁሩ ጭስ የከፈሉበት ናፍታ ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የአየር ፊልትሮውን ይክፈቱ። ከታች ዘይት የሚያዝበት ጽዋ ካለው፣ ዘይቱ ጭቃ ሆኖ ያገኙታል። ይድፉት፣ ከስር የረጋውን በእንጨት ይፋቁ፣ የሽቦ ወንፊቱን በትንሽ ናፍታ አጥበው በደንብ ያራግፉ። ከዚያ ንጹህ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ይሙሉ። «ይብዛለት» ብለው እንዳያሳልፉ፤ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ እንደ ነዳጅ ካነደደው ራሱን ችሎ ይፈተለካል፣ ናፍታ ቢዘጉበትም አይቆምም። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ ውሃ አያስነኩት፤ ቀስ አድርገው ያራግፉት፣ ከጠቆረ ይቀይሩት። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁና የሞተር ዘይት አስነክተው ይጭመቁት። በመጨረሻ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚገባውን ጎማ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከተሰነጠቀ አቧራው በዚያ በኩል ስለሚገባ ልፋትዎ ከንቱ ነው።

በአቧራው ወራት ይህን ፊልትሮ በየጠዋቱ ይዩት። ከፓምፑ ዙሪያም ውሃ ይርጩ፤ መቼም ውሃው አጠገብዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ልቆጣ። በየመስኖው ስዞር ፊልትሮው ወልቆ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሞተሩ ሲያጓራ አያለሁ። «ትንፋሽ አገኘ» ይሉኛል። ለጊዜው እውነት ነው፤ ጭሱም ይጠፋል። ግን የስምጥ ሸለቆ አቧራ የእሳተ ገሞራ ደቃቅ አሸዋ ያለበት ነው፤ ፋሻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ እና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። እባካችሁ ተዉ! የፊልትሮ ዋጋና የሞተር እድሳት ዋጋ አይወዳደርም። እርስዎም አውልቀው ከሆነ ዛሬውኑ ይመልሱት።

አጽድተውም ጥቁሩ ጭስ ካልቀረ፣ ናፍታ የሚረጨውን ክፍል መካኒክ ይይልዎት። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚነደው የሞተር ዘይት ነው፤ ፋሻው ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ሽንኩርቱ መሃል ላይ እያለ ሳይቆምብዎ ቀድመው ያስፈትሹት።