የክብሪቷ እንጨት ትሟሟለች?

ጥያቄ፦ «የኧርንስት ማኽ ማኅበር» እና «የቪየና ክበብ» አንድ ናቸው? አንድን ዓረፍተ ነገር «ትርጉም የለውም» የሚሉትስ በምን መለኪያ ነው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ዋና ዋናዎቹ ሰዎች ግን እነዚያው ናቸው። ክበቡ ፈላስፋው ሞሪትዝ ሽሊክ ሐሙስ ማታ በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሚሰበስበው፣ የተጠራ ብቻ የሚገባበት የውይይት ጉባኤ ነበር። በፊዚክስ ሊቁና ፈላስፋው በማኽ ስም የተሰየመው ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1928 በይፋ ተቋቁሞ ለሕዝብ ንግግር ያዘጋጅ ነበር፤ ሊቀ መንበሩም ሽሊክ ነው። የክበቡ አባላት ካርናፕ፣ ሃን እና ኖይራት ያዘጋጁት፣ የክበቡን አቋም የሚገልጸው የ1929ኙ መግለጫ የወጣው በማኅበሩ ስም ነው። ከ1934ቱ የኦስትሪያ የእርስ በርስ ግጭት በኋላ መንግሥት ማኅበሩን ዘጋው።

ወደ መለኪያው እንምጣ። ዓረፍተ ነገሩን ይዘው «ምን ባይ እውነት ነው እላለሁ? ምን ባይስ ሐሰት?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከጠፋ፣ የሒሳብ ወይም የሎጂክ ዓረፍተ ነገርም ካልሆነ፣ ስለ ዓለም የሚነግረን ነገር የለም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ትርጉም የለሽ»ን ከ«ሐሰት» ጋር ሲያምታታ ነው። «በባሕር ወለል ከፍታ ውኃ በ60 ዲግሪ ይፈላል» ሐሰት ነው፤ ፈተናውን ግን አልፏል፤ ቴርሞሜትር ይዞ ማየት ይቻላላ!

በዚህ መለኪያ ቃላትም በሚታይ ነገር መበየን አለባቸው፤ ችግሩ የመጣው እንደ «የሚሟሟ» ባሉ ቃላት ላይ ነው። «የሚሟሟ ማለት ውኃ ውስጥ ከገባ የሚቀልጥ ነው» ብንል ደኅና ይመስላል። ነገር ግን በሎጂክ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚለው ሐሰት የሚሆነው ፊተኛው እውነት፣ ኋለኛው ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። ካርናፕ ያነሳውን ምሳሌ እንውሰድ፦ ትናንት ነድዳ ያለቀች፣ ውኃ ነክቷት የማያውቅ የክብሪት እንጨት። ውኃ ውስጥ ስላልገባች ፊተኛው ክፍል ሐሰት ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላው እውነት ይሆንና እንጨቷ የምትሟሟ ሆና አረፈችው!

በ1936 ካርናፕ ያመጣው መፍትሔ የቃላቱን ቅደም ተከተል መቀየር ነው፦ «ነገሩ ውኃ ውስጥ ከገባ፣ የሚሟሟ የሚባለው ከቀለጠ፣ ከቀለጠም ብቻ ነው።» አሁን ውኃ ያልነካው ነገር ላይ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርድም። ይህ ሙሉ ብያኔ አይደለም፤ ካርናፕም ይህን በግልጽ ተቀብሏል፤ ለእኔ የሥራው ትልቁ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ስለ ክብሪቷ ማወቅ የሚሻ ሰው ከዚያው ዓይነት እንጨት ሌላ ቁራጭ ውኃ ውስጥ ይክተት።