ዶሜን ስምና የንግድ ምልክት፦ የገባችሁበትን ጣጣ ጠይቁኝ

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ለደንበኞች የድረ ገጽ ስም፣ ማለትም ዶሜን፣ መምረጥና ማስመዝገብ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ከሰው የንግድ ምልክት ጋር የተላተሙ ስሞችን በቅርብ አይቻለሁ። አንዱን የመረጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስሙን ስፈልገው «ክፍት ነው» አለኝ፤ ከፍዬ ወሰድኩት። ከዚህ በኋላ ማን ይነካኛል?

የምልክቱ ባለቤት ይነካሃላ! ዶሜን የሚሸጥልህ ድርጅት የሚያየው ያ ስም በሌላ ሰው ተይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነው። የንግድ ምልክት መዝገብ ገልጦ አይፈትሽልህም። እንዲያውም ሳታነብ «እስማማለሁ» ብለህ ባለፍከው ውል ላይ፣ እስከምታውቀው ድረስ ስሙ የሌላ ሰው መብት እንደማይነካ ያረጋገጥከው አንተ ነህ።

እኔም የተሸወድኩት እዚሁ ላይ ነው። «ክፍት ነው» የምትለዋን አረንጓዴ ጽሑፍ አየሁና ለደንበኛዬ ስሙን ገዛሁ። ሎጎ ተሠራ፣ ካርድ ታተመ፣ ማሸጊያ ታዘዘ። በአራተኛው ወር የጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ለዶሜኑ የከፈልነው ኢምንት ነበር፤ ያንገበገበን ማሸጊያው በካርቶን በካርቶን ሲጣል ማየት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊደል ብቀይር ወይም መሃል ላይ ሰረዝ ባስገባስ? መጨረሻው ላይ «ሾፕ» ብጨምርስ?

አያድንሽም። የታወቀው ስም በውስጡ ጎልቶ ከታየ የተጨመረችው ቃል ብዙ ለውጥ አታመጣም፤ «ዶት ኮም» የሚለው ጭራም በንጽጽሩ እምብዛም አይቆጠርም። ፊደል ማሳሳት ደግሞ ይብሳል፤ የሰው ጣት ሲስት ለመያዝ የተጠመደ ወጥመድ ነው የሚመስለው።

ድምፁም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክ ሮው የተባለ ካናዳዊ ተማሪ በገዛ ስሙ ላይ «ሶፍት» ጨምሮ ዶሜን አስመዘገበ። ማይክ፣ ሮው፣ ሶፍት፦ እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ማይክሮሶፍት ስሙን እንዲያስረክብ ጠይቆ ለወጪው 10 ዶላር አቀረበለት፤ ልጁ ተናደደና 10,000 ዶላር አለ። ያቺ ቁጥር ወዲያው «ስሙን የያዘው ሊሸጥልን ነው» የሚል መከራከሪያ ሆና ዞረችበት። በ2004 ታረቁ፤ ስሙን አስረከበ፤ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ኤክስቦክስ የሚባለው የጌም መጫወቻ ነበር። እኔ ለልጁ አዝኛለሁ፤ ግን ደብዳቤ ሲመጣ በንዴት ዋጋ መጥራት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጥያቄ፦ አቤቱታ ቢቀርብብኝ ፍርድ ቤት ነው የምቆመው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ዶት ኮምና መሰሎቹ የዶሜን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት፣ አይካን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀውና ዩዲአርፒ በሚባለው ሥርዓት ይዳኛሉ። ሁሉም በጽሑፍ ነው የሚያልቀው። አቤቱታ አቅራቢው ሦስት ነገር ያስረዳል፤ አንዷ ከጎደለች ይሸነፋል። ስሙ ከምልክቱ ጋር አንድ ነው ወይም እስከማደናገር ይመሳሰላል፤ አንተ በስሙ ላይ መብትም ሕጋዊ ጥቅምም የለህም፤ ያስመዘገብከውም የተጠቀምክበትም ያለ ቅን ልቦና ነው። አብዛኛው ክርክር የሚነሳው በዚህች ሦስተኛዋ ላይ ነው።

መልስ ለመስጠት 20 ቀን አለህ። ዝም ካልክ የሚነበበው የአቤቱታ አቅራቢው ወረቀት ብቻ ነው፤ ሰዎች በገዛ እጃቸው የሚሸነፉትም እዚህ ላይ ነው። ብትሸነፍ ስሙ ይተላለፋል ወይም ይሰረዛል፤ የገንዘብ ካሳ የለበትም። ካሳ ያለው ፍርድ ቤት ነው፦ የአሜሪካ ሕግ ሆን ብሎ የሰውን ምልክት በዶሜን የያዘን ሰው በአንድ ስም ከ1,000 እስከ 100,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስም ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም ጋር አንድ ነው። በስሜ ዶሜን ማውጣት አልችልም ማለት ነው?

ይችላሉ፤ ስሙን ምን ላይ እንደሚያውሉት ግን ይጠንቀቁ። ኡዚ ኒሳን በቤተሰቡ ስም የኮምፒውተር ድርጅት ከፍቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ኒሳን ዶት ኮምን አስመዘገበ። የመኪናው ኩባንያ በ1999 ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ስሙ በእጁ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ጥፋት ያገኘው ገጹ ላይ በወጣው የመኪና ማስታወቂያ ነው። ኮምፒውተር ሲሸጥበት ሌላ፣ በስሙ መመሳሰል ከመኪና ፈላጊው ገንዘብ ሲለቀምበት ሌላ። እርስዎም ገጽዎ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ ይቆጣጠሩ፤ ባዶ በተቀመጠ ዶሜን ላይ በራሱ የሚለጠፈውንም ጭምር። «እኔ አልለጠፍኩትም» ማለት ብዙም አያስጥልም።

ጥያቄ፦ ዶሜኑ የተመዘገበው ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ እኔ የገዛሁት ግን አምና ነው።

እንግዲያው የሚቆጠርልህ አምና ነው። ያው ባለቤት በየዓመቱ ሲያድስ የድሮው ቀን ይቀጥላል፤ ስሙ ለአዲስ ሰው ሲተላለፍ ግን እንደ አዲስ ምዝገባ ነው የሚታየው። ስለዚህ «ዕድሜ ጠገብ ዶሜን» ብሎ ዋጋ ለሚሰቅልብህ ሻጭ ቶሎ እጅ አትስጥ።

ጥያቄ፦ የአንድ ታዋቂ ብራንድ ትክክለኛ መለዋወጫ እሸጣለሁ። የብራንዱን ስም ዶሜኔ ውስጥ ላስገባ?

እ.ኤ.አ. በ2001 የፕሪንተር ኩባንያው ኦኪ ዳታ ባቀረበው የዩዲአርፒ አቤቱታ ላይ ከተሰጠው ውሳኔ ወዲህ ሻጮች የሚመዘኑባቸው ነገሮች አሉ፦ ዕቃውን በእውነት መሸጥ፣ ገጹ ላይ የዚያን ብራንድ ዕቃ ብቻ ማቅረብ፣ የብራንዱ ባለቤት አለመሆንሽን ገጹ ላይ በግልጽ መጻፍ፣ የብራንዱ ስም ያለባቸውን ዶሜኖች ሁሉ ሰብስቦ አለመያዝ። እኔ ግን አልመክርም። ነገ ሌላ ብራንድ መሸጥ ብትጀምሪ ስምሽ ራሱ ያስርሻል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ማለትም ዋይፖ፣ ነጻ የምልክቶች መፈለጊያ አለው። ስሙን እንዳለ ፈልገው፤ ከዚያ በድምፅ የሚመስሉትን እየጻፍክ ደጋግም። ቀጥሎ ልትሸጥ ያሰብክባቸውን አገሮች መዝገብ እይ፤ ምልክት በየአገሩ ነው፣ ዶሜን ግን ከሁሉም አገር ይታያል። ዕቃና አገልግሎት በ45 መደቦች ይከፈላል። ተመሳሳይ ስም በሩቅ መደብ ካገኘህ ተስፋ አትቁረጥ፤ በጣም የታወቀ ምልክት ከሆነ ግን መደቡ ቢለያይም ተወው። በመጨረሻ ተራ የኢንተርኔት ፍለጋ አድርግ፤ በአንዳንድ አገር ያልተመዘገበ ምልክትም በመጠቀም ብቻ መብት ያገኛል።

ይህን ሁሉ ስታደርግ በእጅህ ሦስት አራት አማራጭ ስም ይኑር። አንድ ስም ብቻ ወድዶ የመጣ ደንበኛ ፍለጋው ምን እንዳወጣ ብታሳየውም አያይልህም።