ባዶ መደብ ራቁቱን አይክረም

ጥያቄ፦ የቲማቲሙና የፎሶሊያው መደቤ ባዶ ቀርቷል። ቅጠል እየረገፈ፣ ብርዱም እየመጣ ነው። የወደቀውን ቅጠል ሰብስቤ ከአፈሩ ጋር ቆፍሬ ልቅበረው ወይስ መደቡን እስከ ጸደይ ድረስ ሳልነካው ልተወው? (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ እባክዎ ቅጠሉን አይቅበሩት። እኔ አንድ ዓመት አራት ጆንያ ደረቅ ቅጠል ቆፍሬ ቀብሬ ነበር። በጸደይ የተከልኩት ሰላጣ ከታችኛው ቅጠሉ ጀምሮ ገርጥቶ ቀረ። አፈሩን ስገልጠው ቅጠሉ ገና አልበሰበሰም። ደረቅ ቅጠል የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ ከቅጠሉ በቂውን ሲያጡ ከአፈሩ ይሻሙና ችግኙ ይራባል።

ላይ ላዩን ቢጎዘጉዙት ግን ያው ቅጠል ባለውለታዎ ነው። ዝናብ አፈሩን እየደበደበ እንዳያጠብቀውና እንዳያጥበው ይከላከላል፤ የምድር ትሎችም ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። ብቻ ቀድመው ይከታትፉት፤ ሰፋፊ ቅጠል ሲረጥብ እርስ በርሱ ተጣብቆ ውኃ አላሳልፍ ይላል።

ከጉዝጓዙ በፊት የቲማቲሙን ግንድ ይመርምሩ። በሽታ የነካውን ከነፍሬው ያውጡት፣ ብስባሽ ውስጥም አይጨምሩት፤ የጓሮ ብስባሽ ብዙ ጊዜ የበሽታውን ዘር ለመግደል የሚበቃ ሙቀት የለውም። ፎሶሊያውን ግን አይንቀሉ፣ ከአፈሩ ጋር እኩል ይቁረጡት። ሥሩ እዚያው ሲበሰብስ ለውኃና ለአየር መግቢያ ይተዋል። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል የበሰለ ብስባሽ ያልብሱ፤ መቆፈር አያስፈልግም። ቅጠሉን 10 ሳንቲ ሜትር አድርገው ከላይ ይደርቡ።

ያልበሰለ ፍግ ካለዎት ጊዜው አሁን ነው፤ ለጸደይ አያቆዩት። አፈር ነክቶ የሚያድግና በጥሬው የሚበላ አትክልት ለመሰብሰብ፣ ፍጉ አፈር ውስጥ ከገባ ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ አለበት።

ጸደይ ሲመጣ፣ ከመትከልዎ ሁለት ሳምንት በፊት ቅጠሉን ወደ ዳር ገፋ አድርገው አፈሩን ፀሐይ ያሙቁት። ከዚያ አንድ እፍኝ አንስተው ይጨብጡ፤ ጭብጡን በአውራ ጣትዎ ሲነኩት ከፈረሰ ይትከሉ። እንደ ጭቃ ተያይዞ ከቀረ ግን መደቡን አይርገጡት፣ ጥቂት ቀን ይታገሡት።