ነጭ ራስ፣ ጥቁር ገላ፦ በብርድ ወራት ንስርን ፎቶ ማንሳት

ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልን አንባቢ ባለፈው ኅዳር ወር በሜሪላንድ፣ በሰስኩዌሃና ወንዝ ላይ ወደሚገኘው የኮኖዊንጎ ግድብ ሄደው ነጭ ራስ ንስሮችን ሲያነሱ መዋላቸውን ከገለጹ በኋላ እንዲህ ሲሉ ይጠይቃሉ፦ «ንስሩ በሰማይ ላይ ሲበር ያነሳሁት ምስል ጠቁሮ ጥላ ብቻ ሆኗል። ያው ንስር ከአንድ ደቂቃ በኋላ በማዶው ጫካ ፊት ሲያልፍ ያነሳሁት ደግሞ ራሱ ላባ የሌለው ነጭ ወረቀት መስሏል። ካሜራዬን ማኑዋል ላይ አድርጌ ሹተሩንም (የመዝጊያውን ፍጥነት) አፐርቸሩንም (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) የመረጥሁት ራሴ ነኝ፤ ሹተሩም 1/2000ኛ ሰከንድ ነበር። ብዙዎቹ ምስሎች ፎከሳቸው የተያዘ ቢመስልም ደብዝዘዋል። ማታ ቤት ስገባም ሌንሱን ላብ አጠለቀው። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?»

ካሜራዎ ደኅና ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ዋናው ፍንጭ ማኑዋል ላይ እያሉ ብርሃኑ ከምስል ምስል መለዋወጡ ነው፤ ይህ ሊሆን የሚችለው አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው የስሜት መጠን፣ አውቶ ላይ ሲቀር ነውና። ሹተሩንና አፐርቸሩን እርስዎ ቢይዙም ሦስተኛውን ካሜራው ራሱ እየወሰነ ነበር። ካሜራው ደግሞ የሚለካው ንስሩን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሁሉ ነው። ጀርባው ብሩህ ሰማይ ሲሆን ብርሃን በዛ ብሎ አይኤስኦውን ይቀንሳል፤ ወፉ ይጠቁራል። ጀርባው የጠቆረ ጫካ ሲሆን ብርሃን አነሰ ብሎ ይጨምራል፤ ነጩ ራስ ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል። ንስሩ ላይ ያረፈው የፀሐይ ብርሃን ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነበር። ስለዚህ አይኤስኦውንም በቁጥር ይቆልፉት።

ቁጥሩን ለማግኘት እኔ የምጠቀምበት ዘዴ በዚያ ግድብ የማይጠፉትን ነጫጭ የባሕር ወፎች መለካት ነው። ንስሮቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ንስሩ በሚያልፍበት ፀሐይ ውስጥ ያለ አንድ ነጭ ወፍ አነሳና በዛ ያለ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ እመለከታለሁ። ነጩ ላባ ብልጭ ማለት እስኪጀምር ብርሃኑን እጨምራለሁ፤ ከዚያ ሲሶ ስቶፕ መልሼ እቀንሳለሁ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ከዚህ በኋላ ደመና ካልመጣ ወይም ፀሐይ ካላዘቀዘቀች በቀር ጀርባው ሰማይም ይሁን ጫካ አልነካውም። ሰማዩ በጠራ ቀን አይኤስኦ 800፣ አፐርቸር 6.3 እና 1/2500ኛ ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው፤ በደመና ቀን አፐርቸሩ ባለበት ሆኖ 3200 እና 1/1250ኛ ያስፈልግ ይሆናል። በታኅሣሥ መጀመሪያ በሜሪላንድ ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ ከሰዓት በኋላ ልኬቱን ደጋግሞ ማረም ግድ ይላል። ራሱና ጅራቱ የሚነጣው ንስሩ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ስለሆነ፣ ቡናማ ሆኖ የሚመጣው ወጣት ንስር የሚቃጠል ነጭ ራስ የለውም፤ ለእርሱ ግማሽ ስቶፕ ያህል ቢጨምሩ የላባው ዝርዝር ይወጣል። አገር ቤት ሲሄዱ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚያገኙት የዓሣ ንስርም ነጭ ራስና ጠቆር ያለ ገላ ያለው ዘመዱ ስለሆነ፣ ይኸው አለካክ እዚያም ይሠራል።

ስለ መደብዘዙ ስናገር መጀመሪያ ሹተሩን እጠረጥር ነበር፤ ነገር ግን 1/2000ኛ መጠቀምዎን ስለጻፉ የምጠረጥረው አየሩን ነው። በብርድ ጠዋት የወንዙ ውሃ ከአየሩ ይልቅ ይሞቃል፤ ከላዩ የሚነሣው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ ብርሃኑን ያወዛውዘዋል፣ በበጋ አስፋልት ላይ እንደምናየው ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ምስሎቹን አስፍተው ይመልከቱ፤ በቅርብ ያለፈው ንስር ጥርት ብሎ ከወንዙ ማዶ ያለው ብቻ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የፎከስ አይደለም። ውድ ሌንስም አያድነውም፤ መፍትሔው ንስሩ እስኪቀርብ መታገሥ ነው። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ምክንያት ደግሞ መኪናው ነው። በማሞቂያ ሲሞቅ የቆየ ሌንስ ወደ ብርዱ እንደወጣ በራሱ ውስጥና በፊቱ መከለያ ውስጥ ሞቃት አየር ይዞ ይቆያል። በመኪና መስኮት በኩል፣ ማሞቂያው እየሠራ የሚያነሱ ከሆነም ሞቃቱ አየር በሌንሱ ፊት እየወጣ ምስሉን ያበላሻል። ስለዚህ ሌንሱን ማሞቂያው በማይደርስበት የኋላ ዕቃ መጫኛ ያስቀምጡት፤ ከደረሱ በኋላም ከማንሳትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። የግድቡ ውሃ ሊለቀቅ ሲል ሳይረን ይሰማል። በተርባይኑ በኩል ያለፉ ዓሦች ወደ ላይ ሲንሳፈፉ ንስሮቹ ለመንጠቅ ስለሚወርዱ፣ በዚያች ሰዓት ሌንሱ ቀዝቅዞ፣ ልኬቱም ተቆልፎ ሊጠብቅ ይገባል።

በረዶ መሬቱን በሸፈነ ቀን በአውቶ ልኬት የሚያነሱ ከሆነ ካሜራው በረዶውን ግራጫ ያደርገዋልና ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ይጨምሩ። መለዋወጫ ባትሪዎን ከካፖርትዎ በታች፣ ወደ ሰውነትዎ የቀረበ ኪስ ውስጥ ይያዙ፤ ብርድ ያደከመው ባትሪም ሲሞቅ የተወሰነ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል።

የሌንሱ ላብ በጣም የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የዛሬ ብዙ ዓመት ከቀን ሙሉ ብርድ በኋላ በቀጥታ ወደ ሞቀ ምግብ ቤት ገብቼ፣ ምስል ለማየት ስቸኩል ሌንሱን ከካሜራው ነቀልሁት። ጤዛው በአንድ አፍታ ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ በሴንሰሩ ላይ ረጋ፤ ሲደርቅም ነጠብጣቡ ቀረ፤ ለጥገና የከፈልሁት ገንዘብ የአንድ ጥሩ ሌንስ ግማሽ ዋጋ ነበር። ሞቃት አየር የያዘው እርጥበት ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ስለዚህ ቤት ወይም የሞቀ መኪና ከመግባትዎ በፊት፣ ገና ውጭ ሳሉ፣ ካሜራውን ከነሌንሱ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተው አየሩን አስወጥተው ይዝጉት። ጤዛው በከረጢቱ ላይ ይረጋል እንጂ ካሜራውን አይነካውም። ለሁለት ሰዓት ያህል አይክፈቱት። ምስሎቹን ዛሬውኑ ማየት ከፈለጉ ሜሞሪ ካርዱን ከረጢቱን ከመዝጋትዎ በፊት፣ እዚያው ብርዱ ላይ ሳሉ ያውጡት።